በንዴት ሥራ ለቀው ከተጸጸቱ፦ ጅቡቲ ከተማ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን

አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ጅቡቲ ትነዳለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣል፣ መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም። እንዲህ ባለ ሌሊት ያልተኛ ሰው በማግሥቱ አለቃው በሰው ፊት ሲያመናጭቀው «በቃ፣ ለቅቄያለሁ!» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ቢወጣ አይደንቅም። ክፉው ነገር የሚመጣው ቁጣው ሲበርድ ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ ድሬዳዋ ወይም ደሴ ሆኖ የወር መጨረሻን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱም ከዚያው አሠሪ ጋር የተያያዘ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሥራ ውል ላይ ግን በንዴት የተነገረ ቃል ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ የሚመለሰው ደግሞ ቶሎ ለተንቀሳቀሰና የሚያደርገውን በቅደም ተከተል ላደረገ ሰው ነው። እንደ እኔ እምነት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቀጣዮቹ ሁለት ወራት ይበልጣሉ።

መጀመሪያ፦ ሥራ ቦታዎ ላይ ይገኙ

ከሁሉም በፊት ይህን ያድርጉ። ነገ የሥራ ቀን ከሆነ በመደበኛ ሰዓትዎ ይግቡ። አፍሬያለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ መጀመሪያ ይደውሉልኝ እያሉ ቤት አይቀመጡ። በንዴት የተናገሩት ቃል አጠራጣሪ ነው፤ ሦስት ቀን ሳይመጡ ከቀሩ ግን ጥርጣሬው ያበቃል። አሠሪው «ብሎ ነበር፣ አደረገውም» ይላል፤ የሚሰማውም ሰው ያምነዋል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የጅቡቲ የሥራ ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ሕግ ቁጥር 133፣ አጥንቱ የፈረንሳይ ነው። በፈረንሳይ የሕግ ልማድ ደግሞ ስንብት አይገመትም፤ ሠራተኛው መልቀቅ መፈለጉ ግልጽና የማያሻማ መሆን አለበት። በቁጣ ተነግሮ ወዲያው የተመለሰ ቃል ይህን መመዘኛ ሳያሟላ ሊቀር ይችላል። በሌላ በኩል ፈረንሳይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን ጥሎ ጠፍቶ በጽሑፍ ተጠርቶም ያልተመለሰን ሠራተኛ እንደለቀቀ ትቆጥረዋለች። መቅረት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ይታያል።

እንግሊዝ አገር በ1992 እ.ኤ.አ. የታየ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። የመኪና ጎማ የሚቀይር ድርጅት የአንድ ቅርንጫፍ ኃላፊ ማታ የመሥሪያ ቤቱን መጸዳጃ ቤት በመጠቀሙ በሌላ ሠራተኛ ፊት ይገሠጻል፤ ቁልፉን ወርውሮ ይወጣል። የይግባኝ ችሎቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በግለት ላይ ሆኖ የተናገረውን አሠሪው ወዲያው እንደ ውሳኔ ሊይዘው አይገባም፣ አንድ ሁለት ቀን ሰጥቶ የምሩን መሆን አለመሆኑን ማየት አለበት። ይህ ፍርድ ጅቡቲ ላይ አይሠራም። ግን ሠራተኛው በእነዚያ አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ ምን ቢያደርግ እንደሚያዋጣው ያሳያል።

ዘበኛው አላስገባም ካለዎት አይጨቃጨቁ። እዚያው በር ላይ ቆመው ለአለቃዎ በዋትሳፕ መልእክት ይላኩ፦ ለሥራ መጥቻለሁ፣ አትገባም ተብያለሁ፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉት። እኛ 1፡30 የምንለውን ጅቡቲያውያን 7፡30 ነው የሚሉት፤ በኋላ ነገሩ ተቆጣጣሪ ፊት ቢቀርብ በሰዓት ምክንያት መከራከር አያስፈልግም። የተናደዱት ሐሙስ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በብዙ ቢሮዎች ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ስለሆነ እሑድ ጠዋት ሲገቡ አንድም የሥራ ቀን አላለፈዎትም።

ያደረጉት ምን እንደሆነ ይለዩ

በቃል ብቻ ከሆነ የተናገሩት ለመመለስ ቀላል ነው። በስልክ መልእክት ከሆነ በጽሑፍ እንዳሉት ይቁጠሩት፤ መልእክቱን ግን አያጥፉ፣ የተላከበት ሰዓትና የቃሉ አነጋገር በግለት መጻፉን የሚመሰክርልዎ እሱ ነው። ፈርመውና ቀን ጽፈው ያስገቡት የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ዴሚስዮን የሚሉት፣ ከባድ ነው። አስቦ በጽሑፍ የለቀቀ ሠራተኛ ሐሳቡን ሲቀይር የሚመለሰው በአሠሪው በጎ ፈቃድ ነውና ልመናው እንደ ልመና መቅረብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አሠሪው አዘጋጅቶ ያስፈረመዎት ወረቀት ነው። በተለይ ሶልድ ደ ቱ ኮንት የሚባለው፣ ሒሳቤን በሙሉ ተቀብያለሁ የሚለው፣ በዚያው ቀን ቀርቦልዎት ከሆነና ገና ካልፈረሙ፣ አይፈርሙ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ የሚያምኑት ሰው ሳያየው ምንም አይፈርሙ። «ነገ አንብቤ አመጣዋለሁ» ማለት መብትዎ ነው። ፈርመው ከሆነም ቅጂውን ጠይቀው ይያዙ።

ውልዎ በየትኛው ሕግ ነው?

ጅቡቲ ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በሁለት ሕግ ሥር ናቸው፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ችግር ሲመጣ ነው። የቀጠረዎት የጅቡቲ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ የትራንዚት ድርጅት ወይም ግለሰብ ከሆነ በጅቡቲ ሕግ ነዎት። የሚያነጋግሩትም የሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን፣ ኢንስፔክስዮን ዱ ትራቫይ የሚባለውን ነው። ፕሬአቪ፣ ማለትም ከመልቀቅ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ውልዎ ላይ ያገኙታል፤ ካላገኙት እዚያው ይጠይቁ።

የኢትዮጵያ ድርጅት ልኮዎት ዶራሌ ወይም ወደቡ አካባቢ የሚሠሩ ከሆነና ውልዎ በኢትዮጵያ ሕግ ከተጻፈ፣ የሚመለከትዎ የኢትዮጵያው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሊሆን ይችላል። በአንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ ከወጣ ለአሠሪው ካሳ ይከፍላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፣ የሚቀነሰውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። እዚህ ውስጥ ለተጸጸተ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ከሆነ እስከ ሠላሳኛው ቀን ድረስ ውሉ ሕያው ነው፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ አዲስ ቅጥር ሳያስፈልግ ይቀጥላል። መንግሥታዊ ድርጅት ውስጥ ከሆኑ ኅብረት ስምምነቱንም ያንብቡ።

ለመመለስ ከመጠየቅዎ በፊት

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። አንድ ወረቀት ይውሰዱና በአንድ በኩል በዚያ ቀን የሆነውን፣ በሌላው በኩል ባለፉት ስድስት ወራት የሆነውን ይጻፉ። ችግሩ የዚያ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሙቀትና ድካም የወለደው ከሆነ፣ ሳያወላውሉ ይመለሱ። በስድስቱም ወራት ያው ነገር ተደጋግሞ ከሆነ፣ ምንም ሳይለወጥ ቢመለሱ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግመው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ የሚሰማዎትም አያገኙም።

ብዙ ሰው የሚጸጸተው ሥራውን ስለናፈቀ ሳይሆን ደመወዙን ስለፈራ ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሮ ቆሟል፤ ብር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። 100,000 ፍራንክ ከዚያ በፊት ከ32 ሺህ ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በአምስትና ስድስት ወር ውስጥ ወደ 70 ሺህ ብር ተጠግቷል። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ኑሮውን በዚህ ላይ ካቆመ ወዲህ የተጣለ ደመወዝ ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል።

ነገር ግን የፈሩት ደመወዙን ብቻ ከሆነ የሚጠይቁት ነገር ይለያል። መልቀቅና መቆየት ብቻ አይደሉም ያሉት፤ የመውጫውን ቀን ማራቅም ይቻላል። «መልቀቄ አይቀርም፤ ግን ሦስት ወር ሠርቼ፣ ሰው አስለምጄ፣ በሰላም ልውጣ» ማለት ለአሠሪውም ይመቸዋል፣ በተለይ መርከብ በሚበዛበት ጊዜ ሰነድ የሚጨርስ ትራንዚተር ላጣ ድርጅት። ለእርስዎም ሌላ ሥራ ለመፈለጊያና ወረቀት ለማስተካከያ ጊዜ ይሰጥዎታል። ከሁለቱ ይልቅ ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ እመርጠዋለሁ።

መመለስ የሌለብዎት ጊዜም አለ። ተመትተው ከሆነ፣ ሰውነትዎ ተነክቶ ከሆነ፣ አሠሪው ፓስፖርትዎን ይዞ አልሰጥም ብሎ ከሆነ፣ ደመወዝ ለወራት ካልተከፈለዎት፣ የወጡት በንዴት ቢሆንም መውጣትዎ ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በልመና አያድበስብሱት። የኢትዮጵያው አዋጅ በአንቀጽ 32 ሰብአዊ ክብሩ የተነካ ወይም አደጋ ያንዣበበበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ይቋረጣልና ምክንያትዎን ቶሎ በጽሑፍ ያስፍሩ።

አጠያየቁ

ሰዓቱን ይምረጡ። ጅቡቲ ላይ ቁም ነገር የሚነገረው ጠዋት ነው። እኩለ ቀን አልፎ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲደርስ የሰው ልብ ከቢሮ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት የቀረበ ልመና ወይ አይሰማም ወይ በችኮላ እምቢ ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይግቡ። የሚያነጋግሩት የተጣሉትን ሰው ራሱን ነው፤ በላዩ ያለውን አለቃ ቀድመው ካነጋገሩ የተሸነፈ ሰው ያደርጉታል፣ ተሸንፎም አብሮዎት አይሠራም።

ሽማግሌ መላክ አሳፋሪ አይደለም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ከማንኛውም ደብዳቤ ይሻላል። አሠሪዎ ኢትዮጵያዊ ከሆነ የሚያከብረው ትልቅ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አባት፣ የዕድር ዳኛ ይበቃል። ጅቡቲያዊ ከሆነም ነገሩን ባዕድ አያደርገውም። የኢሳዎች ባህላዊ ሕግ፣ ሔር የሚባለው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ የሽምግልና ሥርዓት ነው፤ በሽማግሌ ፊት ተነጋግሮ መታረቅ ለዚህ አገር ሰው የኖረበት ነገር ነው። ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ መብራዝ ላይ፣ ወንዶቹ ተቀምጠው በሚጫወቱበት፣ ነገሩን ቀስ ብሎ ያንሳው። እርስዎ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ይግቡ። ከአንድ ሽማግሌ በላይ አይላኩ፤ ሦስት ሰው የተላከበት አሠሪ ምክር ሳይሆን ግፊት ይሰማዋል።

ሲነጋገሩ ይቅርታውን ከአቤቱታው ይለዩ። ይቅርታ የሚጠይቁት ስለ አወጣጥዎ ነው፦ ስለ ጩኸቱ፣ ስለተወረወረው ቁልፍ። አቤቱታዎ እውነት ከሆነ እሱን አይመልሱ፣ ለሌላ ቀን ይቅጠሩት። «ያን ቀን እንደዚያ መናገሬ ትክክል አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ። የፈረቃውን ነገር ደግሞ ሲመቻችሁ እንነጋገርበት» ማለት ይበቃል። ሙቀቱንና መብራቱን ያንሱ ይሆናል፤ የቤትዎን ችግር ሁሉ ግን አይዘርዝሩ። የተቸገረ መስሎ የተመለሰ ሰው በወር ውስጥ የባሰ ፈረቃ ሲሰጠው «እሺ» ከማለት ሌላ አማራጭ እንደሌለው አሠሪው ያውቃል።

ከዚያ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቃል ብቻውን አይበቃም። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በ… ቀን ከሥራ መልቀቄን ተናግሬ ነበር። ያን የተናገርኩት በንዴት ላይ ሆኜ እንጂ ውሉን ለማቋረጥ አስቤና ወስኜ አልነበረም። ስለዚህ መልቀቂያዬን አንስቻለሁ፤ ከ… ቀን ጀምሮም በመደበኛ ሰዓቴ ሥራ ቦታዬ ላይ ተገኝቻለሁ። ስለተፈጠረው ችግር ለመነጋገር ቀጠሮ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አሠሪው ጅቡቲያዊ ከሆነ በፈረንሳይኛ ይጻፍ፤ ዋናው ዓረፍተ ነገር «ዠ ረቲር ማ ዴሚስዮን» የሚለው ነው፣ መልቀቂያዬን አንስቻለሁ ማለት ነው። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና በአንዱ ላይ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። አንፈርምም ካሉ ፎቶ አንስተው በኢሜይል ወይም በዋትሳፕ ይላኩት። የፈረሙት ደብዳቤ አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ ደግሞ «አንስቻለሁ» የሚለውን «እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ» ብለው ይለውጡት።

እሺ ካሉ እሺታውንም በጽሑፍ ይጠይቁ፣ አንድ መስመር መልእክት ቢሆንም ይበቃል። ውሉ ሳይቋረጥ እንደቀጠለ የሚል ይሁን። አዲስ ውል ካስፈረሙዎት የቆዩበት ዘመን ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ ዕረፍትዎና የአገልግሎት ዘመንዎ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሾፌሮችና የቤት ሠራተኞች

የእነዚህ የሁለቱ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ አለቃቀቁ ከቢሮ ሠራተኛ የተለየ ነው።

በጋላፊ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ፒኬ 12 ወይም ዶራሌ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ከስምሪት ኃላፊው ጋር በስልክ ተጣልቶ፣ «ና ውሰድ መኪናህን» ብሎ ቢሄድ የተወው ሥራውን ብቻ አይደለም። መኪናው ላይ ያለው ጭነት በትራንዚት የሚያልፍ የኢትዮጵያ ዕቃ ነው፤ የጠፋ ወይም የተጎዳ ነገር ቢኖር የመጨረሻው ፊርማ የእሱ ነው። ስለዚህ ንዴቱ ቢብስም ከመኪናው አይራቁ። መልቀቅ ካለብዎት ጭነቱን አራግፈው፣ ለሚተካዎት ሰው መኪናውንና ሰነዱን በርክክብ አስፈርመው ነው። ጥለው ወጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ይመለሱ፣ ፕሎምቡን፣ ማለትም የጭነቱን ማሸጊያ፣ እና የነዳጁን መጠን በፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ስለ ሥራው ይነጋገሩ።

የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ደግሞ ሥራ ሲለቁ መኝታቸውንም ይለቃሉ። እቴ፣ በማታ ከቤት አትውጪ፤ ሕይወትሽ ወይም ሰውነትሽ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር እስኪነጋ ጠብቂ። ስትወጪ ፓስፖርትሽን፣ ስልክሽንና ያለሽን ወረቀት ሁሉ ያዢ። የት እንደምታድሪ አስቀድመሽ አንዲት የምታምኛትን እህት ጠይቂ። መመለስ ከፈለግሽ ብቻሽን በር አታንኳኪ፤ አሠሪሽ የምታውቃት በዕድሜ የገፋች ሴት፣ ሰፈሩ እትዬ የሚላት፣ አብራሽ ትሂድ። ስለ ደመወዝሽ፣ ስለ ዕረፍት ቀንሽና ስለ ፓስፖርትሽ በእሷ ፊት ተነጋገሩ፤ ምስክር ፊት የተባለ ነገር በኋላ አይካድም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለሽ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ መንግሥት ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እንዲወጡ ቀነ ገደብ ካስቀመጠ ወዲህ መንገድ ላይ ሥራ ፈልጎ መዞር ራሱ አደጋ ሆኗል። ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ቆንስላ ሄዶ መመዝገብና ምክር መጠየቅ አያሳስርም።

እምቢ ካሉ

እምቢታውን ተቀብለው በሰላም ይጨርሱ፤ መብትዎን ግን አይተዉ። ማስጠንቀቂያ የሚሠሩበት ጊዜ ካለ እስከ መጨረሻው ቀን ይሥሩ፤ በተናደዱ ቀን የጠፋውን ስም የሚጠግነው ያ ጊዜ ነው። የተጠራቀመ ኮንጄዎን (የዓመት ዕረፍትዎን)፣ ያልተከፈለ ደመወዝዎንና ትርፍ ሰዓትዎን ያስሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ከሆኑ ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ የያዙትን የድርጅት ንብረት ካዘገዩ ግን ይህ ጊዜ ሊራዘም ይችላልና ላፕቶፑንም መግቢያ ካርዱንም ቶሎ ያስረክቡ። በጅቡቲ ሕግ ከሆኑ ማኅበራዊ ዋስትና ድርጅቱ ጋር፣ ሴኤንኤስኤስ ጋር፣ ቀርበው መዋጮዎ በስምዎ መግባቱን ያረጋግጡ።

በሒሳቡ ካልተስማሙ ወደ ሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ይሂዱ፤ ተቆጣጣሪው ሁለታችሁን ጠርቶ ለማስማማት ይሞክራል፣ ካልሆነ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ይመራዋል። ውልዎን፣ የደመወዝ ወረቀትዎን፣ የዋትሳፕ መልእክቶቹን አሳትመው ይያዙ። ፈረንሳይኛ ወይም ሶማልኛ የሚችል ሰው አብሮዎት ይሂድ።

ሥራና መኖሪያ ፈቃድዎ መቼ እንደሚያልቅ ዛሬውኑ ይዩ። ሌላ አሠሪ ካገኙ አዲሱ አሠሪ በስሙ ማስፈቀድ አለበት፤ ነገሩ በአሠሪና ሠራተኛ አገናኝ መሥሪያ ቤቱ በአኔፊፕ በኩል ያልፋልና ፈቃዱ ሳያልቅ ይጀመር። በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ የትራንዚት ቢሮዎችና ሆቴሎች አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና የኢትዮጵያን የጉምሩክ ሥራ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ካልተሳካም በ2022 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠናና የሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ላይ ሰነድ የጨረሰ እጅ ይጠቅማቸዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ባቡር ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋ ይደርሳል።

ከመሳፈርዎ በፊት ግን ሰርቲፊካ ደ ትራቫዩን፣ የሥራ ምስክር ወረቀቱን፣ ሳይቀበሉ አይውጡ። የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ማህተምና ፊርማ መኖሩን ይዩ። የለቀቁበት ቀን ቁልፉን የወረወሩበት ቀን ተብሎ ተጽፎ፣ እርስዎ ግን ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያውን ሠርተው ከሆነ፣ እዚያው ቆመው ያስተካክሉት፤ ከድሬዳዋ ሆኖ ደውሎ ማስተካከል በጣም ያስቸግራል።